የግራ እጅጌ

«የኔ እናት፣ ሸሚዝሽን ገልብጠሽ ነው የለበስሽው» አለቻት አክስቷ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብላ።

አጠገባቸው የተቀመጠችው ጎረቤት ሰምታ ከንፈሯን መጠጠች። «ምን ታድርግ፣ አባት እኮ ነው የሞተባት። ሐዘን መች ልብ ያስቀራል?»

ሐዘኑ አልነበረም። ጥቁሩ ሸሚዝ ከሱቅ የተገዛ ስለሆነ ምልክት የለውም።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነበር። ትንሽ ልጅ ሳለች፣ ደንበኛ ገና በር ላይ ሲቆም ወገቡን በዓይኗ ለክታ ትናገራለች፤ አባቷ በሜትር ሲያረጋግጠው ልክ ሆኖ ይገኛል። አንድ ቀን አንዱን ነጋዴ «የጋሼ ሆድ ከደረታቸው ይበልጣል» አለችው። ሰውየው ተቆጥቶ ሊወጣ ሲል አባቷ ሳቁን እያፈነ፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ሜትሩም እንደዚያው ነው የሚለው» ብሎ አስቀመጠው።

ያቺው ልጅ አድጋም የልብሷን ፊትና ኋላ መለየት አቃታት። ግራና ቀኟ ይምታታባት ነበር። ዘመድ «ግማሽ ልጅ» አላት።

«አትቸኩሉባት» ይል ነበር አባቷ። «ፍሬ እንኳ ፀሐይ ያገኘው ጎኑ ነው ቀድሞ የሚበስለው።» ከዚያም በልብሷ ሁሉ፣ በግራው እጅጌ ጠርዝ ውስጥ፣ ቀይ ክር ይሰፋላት ጀመር። ሥራ ይዛ ደመወዝ ስታመጣም አላቋረጠም።

አክስቷ ወደ ስፌት ክፍሉ ወሰደቻት። የልብስ ስፌት መኪናው ላይ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ታጥፎ ተቀምጧል።

«ላንቺ ጀምሮት ነበር። ያለቀ ይመስለኛል።»

እጅጌዎቹን ገልብጣ አየች። ቀይ ክር የለም። ክሩን የሚሰፋው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነበር።

አክስቷ አለበሰቻት፣ ኮሌታውን አስተካከለችላት፤ ከዚያ እጇ ትከሻዋ ላይ ቀረ። «ዛሬስ እኔ አለሁ። ነገ ወደ ቤቴ ስመለስ ማን ያለብስሻል?»

«ምልክቱን ራሴ እሰፋዋለሁ።»

«ግራሽ የቱ እንደሆነ ላሳይሽ?»

«ቆይ እትዬ፣ አትንገሪኝ።»

ዓይኗን ጨፈነች። መንገድ ሲሻገሩ አባቷ ሁልጊዜ ግራ እጇን ነበር የሚይዛት፤ በመርፌ የሻከሩ ጣቶቹ መዳፏን ይቧጥጧት ነበር። መኪና እስኪያልፍ እንደሚጠብቅ ሰው ሁለቱንም እጆቿን ከጎኗ ትንሽ አራቀች።

አንደኛው እጇ ከሌላው ይልቅ ባዶ ሆነባት።

የዚያን እጅ እጅጌ ጠርዝ ገልብጣ፣ እንደለበሰችው፣ በአባቷ መርፌ ቀዩን ክር ሰፋችበት።