ደርሷል ያልኩት አውሮፕላን

ሥራዬ ሲነገር ቀላል ነው። ዕቃ የጫነ አውሮፕላን ሲያርፍ «ደርሷል» የሚል ሪፖርት በኮምፒውተር ለጉምሩክ እልካለሁ። ያ ሪፖርት ካልገባ መጋዘን አይረከብም፣ ጉምሩክ አይለቅም። እኛ የአየር መንገዱ ጸሐፊዎች ታዲያ አንድ ክፉ ልማድ አለን፤ ወረፋ እንዲይዝልን ብለን ሊያርፍ ሩብ ሰዓት ሲቀረው እንልከዋለን። ዘጠኝ ዓመት ስናደርገው ማንም ምንም አላለንም።

ሐሙስ ዕለት ደግሞ የምቸኩልበት ነበረኝ። የታላቅ እህቴ የእታለም አንድ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል፤ ሁለተኛውን የሚያተርፈው መርፌ በበረዶ ሳጥን ታሽጎ እየመጣ ነበር። በረዶው የሚቆየው እስከ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሳጥኑ ቀድሞ እንዲወጣ ብዬ ሪፖርቱን ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ላክሁት።

ጭጋግ ወረደና አውሮፕላኑ ሳያርፍ ተመለሰ። ወዲያው የእርማት ማመልከቻ አስገባሁ። እርማት የሚያጸድቀው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው፤ በሦስት የሥራ ቀን እንመልሳለን አሉኝ።

አውሮፕላኑ ዓርብ ከሰዓት መጣ። ዕቃው ሲወርድ በመስኮት እያየሁ ሪፖርቱን ብልክ፣ ኮምፒውተሩ ወይ ፍንክች። ይህ በረራ ትናንት ደርሷል ይለኛል። ትናንት ደርሶ መጋዘን ያልገባ ዕቃ ደግሞ ጠፍቷል ተብሎ ይመዘገባል፤ የጠፋ ዕቃ አይለቀቅም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመው እንኳ አጣሁ።

ለአንዲት ነጥብ ሰነድ ስለሚመልስ «ነጥቤ» የምንለው የጉምሩክ ሹም ዘንድ ሮጥኩ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ በተጣላሁት። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ ሦስት ቦታ ደወለ፤ ሦስቱም ጋ ማክሰኞ ተባለ። እንግዲያው ሳጥኑን ማቀዝቀዣ ክፍል አስገቡልኝ ብዬ ለመንኩት። ጠፍቷል የተባለ ዕቃ እዚያም መግቢያ ቁጥር የለውም።

«ወንድሜ፣ ሳጥኑን እኔም አይቼዋለሁ» አለኝ። «ግን ዓይኔ ያየውን የምሞላበት ቦታ የለም።»

አለቃዬን ብፈልገው የውሃ ሽታ ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት መጋዘኑ ደጃፍ ሄጄ ሳጥኑ አጠገብ ቆምኩ። መንካት ክልክል ነው። ከሥሩ ውሃ እየፈሰሰ ነበር። ይህን የሚያህል ሰው ቆሜ አለቀስኩ።

ማክሰኞ ተፈቀደ። ሐኪሙ አንዴ ከሞቀ አይሠራም ብሎኛል፤ ሌላ ለማስመጣት አንድ ወር ይፈጃል፣ ዓይኑ ደግሞ አንድ ወር አይጠብቅም። ያም ሆኖ ሳጥኑን ይዤ እታለም ቤት ሄድኩ። የፍሪጁን አንድ መደርደሪያ ባዶ አድርጋ ጠበቀችኝ። አፌን ሳልከፍት ሳጥኑን ተቀብላ ከፈተችና የመድኃኒቱን ጠርሙስ በጣቶቿ ዳበሰች። ዳብሳ ቆየች። ከዚያ መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ ፍሪጁን ዘጋች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት።

«ለእማዬ ደውልላት» አለችኝ። «ደርሷል በላት። አራት ቀን ሙሉ አልተኛችም።»

ደወልኩላትና ደርሷል አልኳት።