ለራኬት የታረደ ሙክት

ሥጋው በሳፋ ሆኖ፣ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ መጣ። የአገሩ ባላባት የግራዝማች ያለው ዘበኛ ከኑርጃን ደጃፍ አስቀመጠና ላቡን ጠረገ።

«ግራዝማች ልከውልሽ ነው። እሳቸው የፈለጉት አንጀቱን ብቻ ነው፤ ለቴኒስ ራኬታቸው።»

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ዞር ብላ ጓሮውን አየች። ጠዋት ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ካስማው ላይ አስራው የሄደችው ነጭ ሙክት የለም።

ነገ እኮ አረፋ ነው! አምና ልጇ ሀጀራ በትኩሳት ስትቃጠል፣ «ያ ረቢ፣ ይህችን አትርፍልኝ እንጂ ለአረፋ ሙክት አርዳለሁ» ብላ ተስላለች። ልጅቱ ዳነች። ኑርጃንም ከአፏ እየቀነሰች በጉን ቀለበች። አሁን በክርስቲያን እጅ ታርዶ መጣላት። አትቀምሰው፣ ጎረቤት አትጠራበት። ስለቱ ሳይገባ ቀርቶ ትኩሳቱ ቢመለስስ?

«እሰይ! እንኳን ላኩልኝ!» አለች በምሬት። ሳፋውን አንስታ ጭንቅላቷ ላይ አደረገችና ዘበኛውን ቀድማ መካነ ሰላም ከተማን አቋርጣ ሄደች።

ግራዝማች በቀይ አፈር ካስደለደሉት የቴኒስ ሜዳ ዳር ቆመዋል። ያን ሁሉ ሽበት ይዞ ነጭ ቁምጣ! የራኬታቸው የእንጨት ክፈፍ ደህና ነው፤ ጅማቱ ግን ክረምቱን እርጥበት በልቶት ተበጣጥሷል። ከአዲስ አበባ ያዘዙት አልደረሰም። ለበገና የሆነ የበግ አንጀት ለራኬት ምን ያንሰዋል አሉና የሰው በግ አስጎተቱ። የራሳቸው በጎችማ ለፋሲካ ይደልባሉ፤ ይኸው አጥሩ ሥር ታስረው ያመነዥካሉ።

«ጌታዬ፣ በጌ የስለት ነበር።»

«ሥጋው ተመልሶልሽ የለም እንዴ? ምን ጎደለሽ?» አሉ ራኬቱን እያገላበጡ።

ምን ጎደለሽ! ወሎ ተወልዶ፣ ከእስላም ጎረቤት ጋር አርጅቶ፣ እስላም የክርስቲያን እርድ እንደማይበላ የማያውቅ አለ? ያውቃሉ። እሷን ከቁጥር አላስገቧትም እንጂ አሳምረው ያውቃሉ። ያንጨረጨራት ይሄ ነው።

ሳፋውን መረቡ ሥር አስቀመጠችው። ወደ አጥሩ ሄዳ ከሁሉ የሰባውን ሙክት ፈታች።

«አንቺ ሴት! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ነገ አርደዋለሁ» አለች። «አይጨነቁ ጌታዬ፤ አንጀቱን እልክልዎታለሁ!»

ግራዝማች ወደ ዘበኛው ዞሩ። ዘበኛው ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ፊታቸውን ያያል።

በጉ በሩ ላይ ሲደርስ እግሩን ተክሎ እምቢ አለ። ኑርጃን ገመዱን ክንዷ ላይ ጠቀለለችው። ከኋላዋ ጠመንጃው ሲቀባበል ሰማች። አልዞረችም።

«ና እንሂድ» አለችው በጉን፤ «ሀጀራ ትጠብቀናለች።»