የታሰረችው ንግሥት

ግሬታና ዴልመር ሚኒያፖሊስ ውስጥ ለሚወዱት የካርድ ጨዋታ የራሳቸውን አዲስ የካርድ ስብስብ ይሠሩ ነበር። ስብስቡ በወሲብ ጨዋታ በገመድ መታሰርን ለሚወዱ አዋቂዎች የታሰበ ነው። እሷ ሥዕሉን ትሥላለች፤ እሱ ሕጉን ይጽፋል።

አንድ እሁድ ለሙከራ ሲጫወቱ ዴልመር የገመዱን ካርድ በግሬታ የንግሥት ካርድ ላይ ጣለ።

«ታሰረች! እስከ መጨረሻው ንቅንቅ አትልም።»

«‹ይብቃኝ› ካለች ትፈታለች ብለን አልነበር?» አለች ግሬታ።

«ታዲያ ካርዱ ምን ሊረባ? ጨዋታ እኮ ነው፣ አታካብጂ።»

«እኔ እጄን ለገመድ የምሰጠው ይብቃኝ ስል እንደምፈታ ስለማውቅ ነው። አንተ የጻፍከው ጠለፋ ነው።»

«ባክሽ! አንቺ ሥዕልሽ ላይ አተኩሪ፣ ሕጉን ለኔ ተዪው።»

«እንግዲያው ሥዕሉን ለኔ ተወው።»

ካርዶቹን አፍሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ዴልመር እየተሳደበ እስከ መኪናዋ ድረስ ተከተላት፤ እሷ ግን በሩን ዘግታበት ሄደች።

ሕጉን ከሥር ጀምራ ራሷ ጻፈችና በጸደይ ስብስቡን ብቻዋን አወጣችው። ዴልመር ተጫዋቾች በሚሰባሰቡበት ሁሉ «ሌባ ናት» ይላል። እሷም ስሙ ሲነሳ እስካሁን ፊቷ በንዴት ይቀላል።