ቁጭ ብሎ መሳለም

እሌኒ በመመሪያ የምታምን ሴት ናት። ፍኖተ ሰላም ውስጥ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ አንዲት እንክብል ስትሸጥ እንኳ ከምግብ በፊት ይሁን ከምግብ በኋላ ደንበኛውን ሳታስደግም አትለቅም። ሰው ይስቅባታል፤ እሷ ግን ግድ የላትም። ደንብ የሚወጣው ሰው ስለሚሞት ነው ብላ ታምናለች፤ አልተሳሳተችም።

እንዲህ ያለችውን ሴት ከአማቷ ጋር ጀልባ ላይ ያወጣት ስለት ነው። ባሏ ናሁሰናይ ባለፈው ክረምት በጠና ታሞ ሳለ፣ ቡሬ የሚኖሩት እናቱ እማማ እታለም ልጄን ካተረፍሽልኝ ጣና ድረስ ጥላ ይዤልሽ እመጣለሁ ብለው ለኪዳነ ምሕረት ተሳሉ። ልጁ ዳነ። ጥላውም ተገዛ፤ ዘርፉ ወርቃማ የሆነ ቀይ የቤተ ክርስቲያን ጥላ። የእማማ እታለም ማኅበር ለጉዞ ሲነሳ መምህሩ ናሁሰናይ ተማሪ እያስፈተነ ስለነበር፣ እሌኒ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ እናቱን አጅባ እንድትሄድ ተወሰነ። ማን እንደወሰነው እስካሁን አልገባትም። ናሁሰናይ "እናቴን አደራ" አላት።

ውሃ ትፈራለች። ልጅ ሆና የላህ ወንዝ ሞልቶ አጎቷን ከነበሬው ጠርጎ ሲወስደው ዳር ቆማ አይታለች። ስለዚህ ጉዞው ሲቃረብ ስልኳ ላይ የመርከብ መንገደኞች ማወቅ ያለባቸውን የሚያስረዳ ቪዲዮ ፈልጋ እየደጋገመች አየች። የቪዲዮው መርከብ የዋና ገንዳና ሲኒማ ቤት ያለው፣ ከቡሬ ገበያ የሚበልጥ ነበር። ቢሆንም ሁሉንም ያዘች፤ መጀመሪያ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍህ ላይፍ ጃኬት የት እንዳለ እይ፣ አጥር ላይ አትንጠልጠል፣ ሠራተኛው የሚለውን ስማ። እነዚህንም በስልክ ለእማማ እታለም አስተማረች። እሳቸው ጨርሰው ከሰሙ በኋላ በመርከቡ ላይ ቄስ አለ ወይ ብለው ጠየቁ።

የጉዞው ቀን ማኅበርተኛው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሞልቶ ከቡሬ ወጣ። ከተማውን ብዙም ሳይርቁ ኮረብታ ላይ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ታየ። ሾፌሩ መዝሙሩን ዝቅ አደረገ፤ አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ ጉልላቱ ወዳለበት መስኮት ዘንበል ብሎ አማተበ። እዚህ አገር ቤተ ክርስቲያን ቁጭ ተብሎ አይታለፍም። እሌኒም ቆማ፣ የአማቷን ራስ የዕቃ መጫኛው ብረት እንዳይመታው በአንድ እጇ ከለለች። ቀጥሎ ሌላ ጉልላት፣ ቀጥሎም ሌላ መጣ፤ ሰዉ ብድግ ቁጭ እያለ ሄደ። መራዊ ሲደርሱ አንድ ሐሳብ መጣባት። ይህ ሁሉ ሰው ጀልባ ላይ እንዲህ ካደረገስ?

ጣና ዳር የተቀበላቸው ባለጀልባ ክንዱ የሚባል ረጋ ያለ ሰው ነበር። ላይፍ ጃኬቱን ከወደብ እስከ ወደብ ማውለቅ እንደማይቻል፣ ጀልባው ሲሄድ መነሳትም ወደ አንድ ወገን መሰብሰብም ክልክል እንደሆነ ነገራቸው። እሌኒ ድገምላቸው አለችው፤ ደገመ። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው አቶ ዘሚካኤል፣ ሳቁና እኛ ይህን መንገድ የምናውቀው አንቺ ሳትወለጂ ነው አሏት። ትንሽ ቆይተው ሙቀት በዛ ብለው የጃኬታቸውን ማሰሪያ ፈቱት። እሌኒ ሄዳ እንደ ሕፃን አሰረችላቸው።

እማማ እታለም ጃኬቱን ከነጠላው በታች ካልሆነ አልለብስም ብለው ስለነበር ከታች አለበሰቻቸው፣ ማሰሪያውንም እየጎተተች አረጋገጠች። ከዚያ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ፣ መራዊ ላይ የመጣባትን ሐሳብ ይዛ ለመነቻቸው።

"እማማ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ስትታይ እንዳይነሱ። ቃል ይግቡልኝ።"

እማማ እታለም በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ጥላ ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። "ኪዳነ ምሕረትን ቁጭ ብዬ ልሳለማት?"

"ቁጭ ብለው። አደራ ተቀብያለሁ፣ እማማ።"

አማቷ ሐይቁን ብዙ አዩት። ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል። በመጨረሻ "እሺ ልጄ፣ ቃሌ ነው" አሉ።

ጀልባው ተነሳ። እሌኒ የጀልባውን ጠርዝና የውሃውን ልክ እያስተያየች ነበር፤ ውሃው በጣም ቅርብ ነው። አንዱ ጸበል ነው ብሎ እጁን ውሃ ውስጥ ሲነክር ጮኸችበት። አንዲት ሴት ቦርሳዋን ልታነሳ ጎንበስ ስትል ጮኸችባት። ሰዉ እርስ በርሱ እየተያየ ፈገግ አለ። አማቷን ግን በአንድ እጇ ክንዳቸውን ይዛ ለአፍታም አልለቀቀቻቸውም፤ ያን ያህል ነበር የፈራችላቸው።

ከዚያ በቀኝ በኩል፣ በጫካው መካከል፣ የጉልላቱ መስቀል ብልጭ አለ።

አንዷ እልል አለች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። ማኅበርተኛው እንዳለ ብድግ ብሎ ወደ ቀኝ ዘንበል አለ። ጀልባው ወደ አንድ ጎኑ አዘመመ፤ ውሃው በጠርዙ ተሻግሮ እግር ለእግር ገባ፤ ስንቅና ጫማ ተንሸራተተ። ክንዱ መሪውን እየታገለ ይጮሃል፣ ድምፁ ግን በእልልታው ተዋጠ።

እሌኒን የሆነ ነገር ከኋላ ወጥሮ ጎተታት። በጀርባዋ አግዳሚው ላይ ወደቀች። ቆማ እንደነበር ያወቀችው ያኔ ነው፤ ቀኝ እጇ ግንባሯ ላይ ነበር፣ ማማተብ ጀምራለች። የአማቷን ክንድ መቼ እንደለቀቀችው አታውቅም። ጠርዙ ላይ ነበረች፤ አንድ እርምጃ ብትጨምር ሐይቁ ውስጥ ነበረች።

እማማ እታለም ከተቀመጡበት አልተነሱም። እግራቸውን ከፊታቸው ካለው አግዳሚ ጋር ወጥረው፣ በሁለት እጃቸው የእሌኒን ጃኬት ማሰሪያ ጨምድደው ይዘዋል።

"ስለ ኪዳነ ምሕረት፣ ተቀመጡ" አሉ። ቤተ ክርስቲያን የሚሞላ ድምፅ ነበራቸው፤ በእልልታው መሐል ተሰማ። ሰዉ እዚያው እንዳለ ቁጭ አለ። አቶ ዘሚካኤል ወለሉ ላይ፣ ውሃው ላይ ተቀመጡ። ጀልባው ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ተወዛወዘና ቀስ እያለ ቀና አለ።

እሌኒ የአማቷን ጭን አየች፤ ባዶ ነው። ከዚያ ወደ ሐይቁ ዞረች። ነጩ ጨርቅ ተፈትቶ፣ ቀዩ ጥላ በዘርፉ እየጎተተ ከጀልባው ኋላ እየራቀ ነበር። ሁለት እጅ ለማሰሪያው ሲያስፈልግ፣ ጥላው የሚያዝበት እጅ አልነበረም።

ክንዱ ልዙርና ላምጣው ቢል እማማ እታለም በእጃቸው ከለከሉት። እሌኒ ማልቀስ ጀመረች። ሰውን ሁሉ ስትቆጣ ውላ የተነሳችው እሷ ናት፤ የባሏ የሕይወት ስለት በእሷ ምክንያት ውሃ በላው። ጥላው፣ የናሁሰናይ ስለት፣ ኪዳነ ምሕረትን ምን ልንላት ነው እያለች ተንሰቀሰቀች።

እማማ እታለም ማሰሪያውን አልለቀቁም። ቁጭ እንዳሉ፣ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ወደ ጉልላቱ ተሳለሙ።

"ልጄን ካተረፍሽልኝ ነበር ያልኳት" አሉ። "ይኸው ሁለቱንም አተረፈችልኝ። አሁን ዝም በይና ማሰሪያሽን አጥብቂው፤ ላልቷል።"