ጋሽ ንዋይ አያዞራቸውም

ጎረቤቴ ጋሽ ንዋይ ቤታቸው ቢቃጠል እንኳ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሞቅ ብሎናል» የሚሉ ሰው ናቸው። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ስኔልቪል በሚባል ከተማ አጥር ለአጥር ስንኖር አመመኝ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ሐኪማቸው ዘንድ ጥናት ተጀመረ። ሁለት የደም ግፊት ክኒኖች አሉ፤ ሁለቱም ለዓመታት ሲታዘዙ የኖሩ ናቸው፣ የትኛው እንደሚሻል ግን አልታወቀም። ኮምፒውተሩ ዕጣ ያወጣና ለአንዱ ይህን፣ ለሌላው ያን ይሰጣል። ሌላ ቀጠሮ የለ፣ ሌላ መርፌ የለ፤ ውጤቱ ከበሽተኛው ፋይል ላይ ይለቀማል። ጋሽ ንዋይ ተስማሙ፣ ክኒናቸውም ተቀየረ። በየወሩ «ያዞርዎታል?» የሚል ጥያቄ በስልክ ይላካል። የተመዘገበው ስልክ ግን ስማይርና የሚባል ሌላ ከተማ የምትኖረው የልጃቸው የእየሩሳሌም ነው፤ የሐኪም ነገር ሁሉ በእሷ በኩል ነዋ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ደጃቸው ላይ የተተከለውን የፖስታ ሳጥን ይዘው ሲቆሙ አያለሁ።

«ጋሼ፣ ሳጥኑ ዘመድዎ ነው እንዴ፣ እንዲህ የሚያቅፉት?» አልኳቸው።

«ትንሽ ያዞረኛል፣ አሰፋሽ። ለልጅቷ እንዳትነግሪያት። ሰበብ አግኝታ ቤቴን ታሸጠኛለች።»

እውነታቸውን ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ጀምሮ እየሩሳሌም «ብቻህን አትኖርም» ስትል ከርማለች።

በጥቅምት ከቤታቸው ጋራዥ ደረጃ ላይ ወደቁ፤ ዳሌያቸው ተሰበረ። ሆስፒታል አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ ነርሷ ኮምፒውተሩን አየችና «አያዞራቸውም ይላል፣ ሁሉም ወር ላይ» አለች።

«ማነው እንዲህ ያለው?» አሉ ጋሽ ንዋይ።

ከአልጋው ማዶ የቆመችው የእየሩሳሌም ፊት ልውጥ አለ። «አንተ ነሃ፣ አባ። ስደውልልህ ደህና ነኝ ትላለህ፤ እኔ ደግሞ ኖ የሚለውን ክሊክ አደርጋለሁ።»

«ደህና ነህ ወይ አልሽኝ እንጂ ያዞርሃል ወይ መች አልሽኝ? ለሰላምታ ታዲያ ምን ተብሎ ይመለሳል?»

«ሥራ ላይ ሆኜ እኮ ነው የምደውልልህ፣ ዩ ኖው...»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው የማላስቸግርሽ።»

ሐኪሙ ክኒኑን መልሶ ቀየረው። ቤቱን ግን የሚመልስ አልተገኘም፤ በገና ማግስት ተሸጠ።

ልትወስዳቸው የመጣች ዕለት ተሽከርካሪ ወንበራቸውን እኔ ስገፋ ስልኳ ጮኸ። አየችውና አጠገባቸው በርከክ አለች።

«አባ፣ ክሊኒኩ ነው፤ ያ የየወሩ ጥያቄ። በእውነት ንገረኝ፣ ያዞርሃል?»

ጋሽ ንዋይ ወደ ፖስታ ሳጥኑ ዞር ብለው አዩ።

«ደህና ነው በያቸው» አሉ። «ለምደሽው የለ።»