ግማሽ ድምፅ ከፍ

የሙዚቃ ሸክላው ላይ ያሉት መዘምራን አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ባለጆሮው መርፌውን ከሸክላው ላይ አነሳና እንደገና ከመጀመሪያው አስቀመጠው። ዓይኑ የእጅ ሰዓቱ ላይ፣ ጣቱ ጠረጴዛው ላይ ባለችው ትንሽ ፒያኖ ላይ ነበር። የሬዲዮ ጣቢያው ሰዎች ስሙን ትተው ባለጆሮው የሚሉት በዚሁ ሥራው ነው። ምድር ቤቱ ውሃ ገብቶበት የሸክላዎቹ ሽፋን ሁሉ ከነጽሑፉ ከበሰበሰ ወዲህ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ እያንዳንዱን እየሰማ በካርድ ላይ ሦስት ነገር ይሞላል፦ ፍጥነት፣ ቅኝት፣ ስሜት። ሦስት ሺህ አንድ መቶ ካርድ ሞልቷል። ይህች የመጨረሻዋ ናት፤ የአንድ ሲምፎኒ አራተኛ ክፍል።

ፍጥነት፣ በደቂቃ ሰማንያ ስምንት ምት። ቅኝት፣ ዲ ሻርፕ ማይነር። በእርሳስ ጻፈ።

ክፍሉ መስኮት የለውም። ግድግዳው በስፖንጅ ስለተለበጠ ሰው ቢያስነጥስ ድምፁ እዚያው ይሞታል። የበሩ እጀታ ከውስጥ በኩል ወልቋል፤ ለመውጣት በካቻቢቴ መጎርጎር ነው።

ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት። እሷና ልጃቸው ወደ እናቷ ከተማ ከሄዱ ሁለት ዓመት አለፋቸው። እሱም እዚያ ወዳለው ቅርንጫፍ እንዲዛወር ጠይቆ፣ አለቃው "ካርዱ ሳያልቅ ንቅንቅ የለም" ብሎት ነበር። ዛሬ ያልቃል። ደብዳቤው ተጽፎ ፊርማ ብቻ ቀርቶታል።

"ጨረስክ?"

"አንዷ ቀረችኝ።"

"ባለፈው ሳምንትም አንዷ ነበረች የቀረችህ።"

"ያቺ ሌላ ናት። ይቺ እውነተኛዋ አንዷ ናት።"

"ልጅህ እኮ አባቴ ከመሬት በታች ነው የሚኖረው እያለች ለጎረቤት ታወራለች። ሰዉ አይጥ ያገባሁ መስሎታል።"

ሳቀ። "ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ነኝ።"

ስልኩን እንደዘጋ የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ በሩን በመወልወያቸው ገፍተው ገቡና እንዳይዘጋባቸው ባልዲያቸውን አስደገፉበት። ጣቢያው የራሱ መዘምራን በነበሩት ዘመን እትዬ ከእነሱ አንዷ ነበሩ፤ ቡድኑ ሲበተን እሳቸው እዚያው ቀርተው መጥረጊያ ያዙ።

"ይሄማ የኛ ነው!" አሉ። ጆሯቸውን አዘነበሉ። ከዚያ ፊታቸው ተኮሳተረ። "ምን አድርገህብን ነው?"

"እኔ ምን አደረግኩ?"

"እኔ ወፍራም ድምፅ ነበረኝ፣ ልጄ። ይሄ የጫጩት ነው። ደግሞ ምን ያስሮጠናል? ታክሲ ሊያመልጠን ነው?"

"ሸክላው አርጅቶ ነው፣ እትዬ።"

"ሸክላ ሲያረጅ ይንኮሻኮሻል እንጂ መልሶ ልጃገረድ አይሆንም።" ወደ ፒያኖዋ ጎንበስ ብለው አንድ ቁልፍ ነኩ። "የኔ ጣሪያ ይቺ ናት። ከዚች በላይ ወጥቼ አላውቅም። ስንቴ ተሰድቤባታለሁ!"

ባለጆሮው ቦታዋን ፈልጎ አጫወተ። ከሸክላው የወጣው ድምፅ እትዬ ከነኩት ቁልፍ በላይ ያለው ነበር።

ማጫወቻውን አየው። በቀኝ በኩል፣ የፍጥነት ማስተካከያው ላይ፣ በዕድሜ የቢጫ መልክ የያዘ ፕላስተር ተለጥፏል። የመጀመሪያ ቀን ሥራውን ያስረከበው ሽማግሌ "ይሄን እንዳትነካ፣ ልኩ ላይ አድርጌ ነው ያጣበቅኩት" ብሎት ነበር። አልነካውም። ሰባት ዓመት ዙሪያውን አቧራ ሲጠርግ እንኳ ዘሎት ነው። አሁን በጥፍሩ ቀረፈው። ማስተካከያው ከዜሮው ምልክት፣ ከትክክለኛው ፍጥነት፣ አንድ ጣት ያህል አልፎ ቆሟል።

ወደ ዜሮ መለሰው። መዘምራኑ ዝቅ አሉ፣ ረጋ አሉ። ሰማንያ ሦስት ምት። ዲ ማይነር፤ ቅድም ከጻፈው ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ።

"ይኸው መጣሁ!" አሉ እትዬ፣ መወልወያቸውን እንደ ሰው አቅፈው። "ያቺ እኔ ነኝ!"

እሱ ግን የሚያየው ካርዶቹን ነበር። ሦስት ሺህ አንድ መቶ፣ ሁሉም በግማሽ ድምፅ ከፍ ያሉ፣ ሁሉም የቸኮሉ። የመጨረሻዋንም እንደነሱ ቢተዋት ማንም አያውቅም፤ ሁሉም እኩል ተሳስቶ እኩል የተሰለፈ ነው። ይቺን አንዷን ካቀናት ግን የሌሎቹ መጣመም ይታያል። ያኔ ደግሞ ካርዱ አላለቀም ማለት ነው።

ሌላ ነገር እንደሚያስብ ሰው ጠየቀ። "ስሜቱን ምን ልበለው?"

"ደስታ በለዋ። ደስታ ነው ብለውን ነው የዘመርነው።"

"እናንተስ?"

"እኛማ ድምፅ እንዳይገባ በሩ ተቆልፎብን፣ አሥራ ሁለት ጊዜ አስደገሙን። እኔ ከሦስተኛው ጀምሮ ሽንቴን ይዤ ነው የዘመርኩት። ያቺ ጣሪያዬ ላይ ስደርስ የምለምነው አምላኬን መሰለህ? በረኛውን ነው።"

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ስፖንጁ ውስጥ ገብቶ ቀረ። መዘምራኑ አሁንም ይዘምሩ ነበር። ከደስታው ሥር መቶ ሰው በሩ እስኪከፈት ሲጠብቅ ተሰማው።

ደረጃው ላይ የአለቃው ጫማ ቋ ቋ አለ።

እትዬ ፕላስተሩን ከጠረጴዛው አንስተው እጁ ላይ አስቀመጡለት። "መልሰህ ለጥፈው፣ ልጄ። እኔ ራሴን ሰማሁ፣ ይበቃኛል። ሂድ ወደ ልጅህ።"

ማስተካከያውን ወደ ነበረበት ገፍቶ ፕላስተሩን በአውራ ጣቱ ተጫነው። አልያዘም። ደግሞ ተጫነው። ጫፉ ተነሳ።

"እህ ወንድሜ፣ ተገላገልን?" አለ አለቃው በር ላይ ቆሞ። በአንድ እጁ ደብዳቤውን፣ በሌላው እስክሪብቶ ይዟል። "ካርዷን ስጠኝና ልፈርምልህ።"

"አንድ ደቂቃ።"

ባለጆሮው ማስተካከያውን መልሶ ዜሮ ላይ አደረገው። በእርሳስ የጻፈውን አጠፋ። ሰማንያ ሦስት፣ ዲ ማይነር። የስሜቱን ቦታ ባዶ ተወው። ካርዷን ገልብጦ ፕላስተሩን ጀርባዋ ላይ ለጠፈ፤ እዚያ ያዘ። ከሥሩ ጻፈ፦ "ከዚህች በፊት ያሉት ሁሉ ግማሽ ድምፅ ከፍ፣ ትንሽም ፈጠን ብለዋል።"

"እስክሪብቶዎን ያውሱኝ" አለ። በእርሳስ የጻፈውን በቀለም ደገመበት፤ ከዚያ ካርዷን ጀርባዋን ወደ ላይ አድርጎ አለቃው እጅ ላይ፣ ከደብዳቤው በላይ አስቀመጠ።

"መጀመሪያ ይቺን ያንብቧት።"