የጠዋቱ ጠብታ

"አባ፣ የዓይንዎ ግፊት እኮ ጨምሯል" አለች ሲስተር ያምሮት፣ መለኪያውን ከቄስ ክንፈሚካኤል ዓይን እያራቀች። "ጠብታውን በትክክል እያደረጉ ነው?"

ባንቺአየሁ ባሏን ቀድማ መለሰች። "ጠዋትና ማታ ነዋ! የተጻፈውን ያነበብኩላቸው እኔው ነኝ። የማታውን በእጄ ጠብ አደርግላቸዋለሁ፤ የጠዋቱን ከጸሎት ሲነሡ ራሳቸው ያደርጋሉ።"

ነርሷ ጠርሙሷን ተቀብላ በፍኖተ ሰላሙ ክሊኒክ መስኮት ብርሃን አየቻት። "መጉደሉንስ በልኩ ጎድሏል" አለች ግራ ገብቷት። "ታዲያ ግፊቱ ምን አወጣው?"

ቄሱ ነጭ ጥምጥማቸውን በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ባንቺአየሁ ይህን እጅ ታውቀዋለች፤ አንዳች ነገር ሲደብቁ ነው እንዲህ የሚያደርጋቸው።

"ቄሴ?"

"ፍልሰታ ከገባ ወዲህ የጠዋቱን ትቼዋለሁ።"

"ምን አሉ?"

"ይመረኛል። ከዓይኔ ወርዶ ጉሮሮዬ ላይ ይመረኛል። ከመቀደሴ በፊት የሚመር ነገር ውጬ እንዴት አድርጌ መቅደስ ልግባ?"

ባንቺአየሁ አንድ ነገር ትዝ አላት። ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጃቸው ሰብለ ከጎናቸው ቁጭ ብላ ስትጫወት ሳያዩ እጇን ረግጠዋት ነበር። ያን ዕለት ባንቺአየሁ የተቆጣችው ልጅቷን ነው፤ መንገድ ላይ ምን ያስቀምጥሻል ብላ።

"ዓይንም ይጾማል እንዴ ቄሴ?" አለች።

"ይጾማል እንጂ።"

"ክፉ ከማየት ነዋ! ከመድኃኒት ይጹም ያለው ማን ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም?"

"ብነግርሽ ትጨነቂያለሽ ብዬ ነው።"

"አሁንማ ይኸው እየሣቅሁ ነው!"

ሲስተር ያምሮት ወንበሯን ስባ ከፊታቸው ተቀመጠች። "አባ፣ ይሄ በሽታ አያምም፣ ዓይን አያቀላም። ማየትዎን ከዳር ከዳር እየበላ ነው የሚመጣው። የበላውን ማንም አይመልሰውም፤ ጠብታው የቀረውን ይጠብቅልዎታል እንጂ። የማታው ጠብታ እስከ ጠዋት ነው ጉልበቱ።"

"ልጄ፣ ለዓይኔ ብዬ ሕጌን ላፍርስ?"

"ሕጉን እርስዎ ያውቃሉ። እኔ የማውቀው መንገዱን ነው። ከዓይን ተነሥቶ በአፍንጫ በኩል ጉሮሮ የሚደርስ ቀጭን ቦይ አለ። አፉ እዚህ ነው።" ጣቷን በአፍንጫቸውና በዓይናቸው መጋጠሚያ ላይ አሳረፈች። "ጠብ እንዳለ ዓይንዎን ሳይጨምቁ ይክደኑ፤ እዚህ ጋ ሁለት ሦስት ደቂቃ ተጭኖ ከተያዘ አብዛኛው እዚያው ይቀራል።"

ቀጥላ ባንቺአየሁን እጇን አስታጥባ አለማመደቻት። የታችኛውን የዓይን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጎ እንደ ኪስ መክፈት፤ የጠርሙሷን ጫፍ ሽፋሽፍት ሳያስነኩ አንዲት ጠብታ ብቻ።

"ሁለት ቢሆንስ?" አለች ባንቺአየሁ። "አንዷ ብታመልጥ ብዬ እኔ ማታ ማታ ሁለት ሁለት ነው የማደርግላቸው።"

ነርሷ ጠርሙሷን መልሳ አየቻት፤ የጠዋቱ ቀርቶም በልኩ የጎደለችው ለምን እንደሆነ አሁን ገባት። "ዓይን ከአንድ በላይ አይዝም እማ። ትርፉ ነው ጉሮሮ የሚወርደው።"

ባንቺአየሁ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። የማታውን ያስመረረችባቸው እሷ ናት ለካ። ማንኩሳ ላይ ከመኪና ወርደው እስከ ቤታቸው ያለውን ጭቃ በእግር ሲያቋርጡ ከኋላ ከኋላቸው ሄደች።

በማግስቱ ማለዳ ቄሱ በሩ አጠገብ ባለው መደብ ላይ ራሳቸውን ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርገው ተቀመጡ። ቅዳሴው እኩለ ቀን ላይ ነው። በደብሩ ያሉት ቀሳውስት እሳቸውና ቄስ ገነነ ብቻ ናቸው፤ አንዱ ከጎደለ ቅዳሴው አይጀመርም።

ባንቺአየሁ እጇን ታጠበች፤ ተጠራጥራ ደግማ ታጠበች። የመጀመሪያዋ ጠብታ ጉንጫቸው ላይ ወረደች።

"ለጉንጬም አዘውልኛል እንዴ?" አሉ ቄሱ።

"ዝም ይበሉ፤ ወደ ላይ ይመልከቱ!"

ሁለተኛዋ ገባች። የዓይናቸውን ጥግ በጣቷ ተጭና ያዘች፤ እሳቸውም ዓይናቸውን ከድነው አቡነ ዘበሰማያትን ቀስ ብለው ይደጋግሙ ጀመር። ቀኙ ሲያልቅ ወደ ግራው ዞረች። የግራው ላይ እጇ ደከመ፤ ጣቷም በላብ ተንሸራተተ።

ጸሎቱ ሲያበቃ ምራቃቸውን ዋጡ። ባንቺአየሁ ጉሮሯቸውን ስታይ፣ አምላኬ ይቅር ይበለኝ፣ ምነው ቢዋሹኝ ብላ ተመኘች።

"የቀኙ ምንም የለውም" አሉ።

"የግራውስ?"

"መረረኝ።"

"ምራቅ ይሆናል ቄሴ፤ ባዶ ሆድ ሲያድሩ ምራቅም ይመራል።"

"ምራቄንማ አውቀዋለሁ፣ ባንቺ።"

ባንቺአየሁ ጠርሙሷን በሁለት እጇ ጨብጣ ደረቷ ላይ አስጠጋቻት። አሁን ውሰጅልኝ ሊሉ ነው፣ ነገም የለም ሊሉ ነው እያለች ትጠብቃለች። ቄሱ ግን እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደዱና ጥምጥማቸውን ፈቱት፤ አጣጥፈውም ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

"ሂጂና ለቄስ ገነነ ንገሪልኝ። ዛሬ መቅደስ አልገባም፤ ከሕዝቡ ጋር ቆሜ አስቀድሳለሁ። ገና ማለዳ ነው፤ ወደ ማዶው ደብር ሰው ይላኩና ቄስ ያስመጡ።"

ባንቺአየሁ ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው ሰምታ አታውቅም። ነጠላዋን ደርባ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

"ነገስ ቄሴ?"

እጃቸውን ዘረጉላት። ጠርሙሷን ተቀብለው ክዳኗን ጠበቅ አደረጉና ከዳዊታቸው አጠገብ አስቀመጧት።

"ነገ የግራውን ጠበቅ አድርገሽ ያዢው።"